ውሉ የጠፋ ልቃቂት፦ የቆመ ፈትል፣ ያላለቀ ሹራብና የተጀመረ መጽሐፍ እንዴት ይቀጠላል?

አልጋዬ ሥር ያለውን ቅርጫት የጎተትኩት ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ብርድ ልብስ ስፈልግ ነው። ብርድ ልብሱ እዚያ አልነበረም። የነበረው ለእናቴ ጋቢ ማግ (በድሩ መሃል አግድም የሚገባው ክር) ይሆናል ብዬ የጀመርኩት ፈትል ከነእንዝርቱ፣ 24 አመልማሎ (ለመፍተል ተነድፎ የተጠቀለለ ጥጥ)፣ ለእህቴ ልጅ የጀመርኩት አረንጓዴ ሹራብ ከነመርፌው፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ የአውቶቡስ ትኬት መሃላቸው የተሸጎጠ ሦስት መጻሕፍት። ሹራቡ ሲጀመር ልጁ ሦስት ዓመቱ ነበር። ዘንድሮ አምስት ደፍኗል።

እናቴ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። እኔው ያወሳሰብኩትን አንዱን ልቃቂት ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጫፍ መስሎኝ የያዝኩትን ክር ስስበው እጄን መታ አደረገችና "ውሉን ሳትይዢ አትጎትቺ ልጄ" አለችኝ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ክሩን በጣቶቿ ስታላላ፣ ስታገላብጥ፣ ወደ ብርሃን ስታዞር ቆየች። አንዴም አልሳበችም። ውሉ ሲገኝ ልቃቂቱ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ተፈታላት።

ሥራ ቆሞ ሲቀር ጊዜ አጣሁ እንላለን። እኔም እንደዚያ ስል ከርሜያለሁ። ቅርጫቱን ሳየው ግን የጠፋው ውሉ ነበር። ሹራቡን ባነሳሁ ቁጥር ስንተኛው ረድፍ ላይ እንደነበርኩ ስለማላውቅ መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤ መጽሐፉን ስገልጥ ማን ከማን እንደተጣላ ስለረሳሁ እዘጋዋለሁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር የሠራሁት ሥራ ዋናው ክፍል ያቆምኩበትን ቦታ መፈለግ ነበር። እንዴት እንደሄድኩበት ከዚህ በታች በተራ አስቀምጬዋለሁ።

ሁሉንም ወደ ብርሃን አውጡ

በቀን፣ በመስኮት አጠገብ፣ አንሶላ አንጥፉና የጀመራችሁትን ሁሉ ዘርግፉ። ከመደርደራችሁ በፊት አሽትቱት። የሻገተ ሽታ ካለው ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ቀጥሎ ሱፉን ከጥጡ ለዩ፤ የሚያጠፋቸው ነገር አንድ አይደለም። ሱፍን ብል ይበላዋል። ንጹሕ ጥጥን ብል እምብዛም አይነካውም፤ የጥጥ ጠላት እርጥበትና አይጥ ነው። ሱፉ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ፣ እንደ አሸዋ ያለ ፍርፋሪ ወይም ቀጭን ድር መሳይ ነገር ካያችሁ በላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ አስሩና ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ከረጢቱን ቶሎ አትክፈቱ፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ፣ አለዚያ ጤዛው ሱፉ ላይ ይቀራል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ሁለቱን ሳምንት ሦስት አድርጉት።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዛሬ ባይኖረኝ ይህን ሥራ እንደገና እጀምረው ነበር? የእኔ መልስ ለሁለቱ መጻሕፍት "አዎ"፣ ለሦስተኛው "አይ" ነበር። ሦስተኛውን የገዛሁት ሁሉም ሰው ስላነበበው ነው፤ እኔ ግን ከ40ኛው ገጽ በኋላ አንድም ቀን አልናፈቀኝም። ለባልደረባዬ ሰጠኋት፣ በሳምንት ጨረሰችው። "ገንዘብ ያወጣሁበት ነው" የሚለውን ክርክር ተዉት፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሹራብም ከሆነ ክሩ ይፈታል፣ ለሌላ ይውላል፤ የሚጠፋ ነገር የለም።

ፈትሉ

በእጅ የሚሠራ ነገር ሁሉ ሲቆም የሚለወጠው እጁ ነው። በፈትል ላይ ይህ ወዲያው ይታያል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

አመልማሎውን ፈትኑ። ቅርጫት ውስጥ ተጭኖ የከረመ አመልማሎ ይጠቀጠቃል። ከጫፉ ትንሽ በጣታችሁ ይዛችሁ ሳቡት። የጥጡ ቀጫጭን ጭረቶች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ከቀጠኑ ደህና ነው። በጉብታ በጉብታ ከተቆረጠ ግን እንዳለ አትፍተሉት፤ ክሩ አንዴ ወፍራም አንዴ ቀጭን ይሆንባችኋል። የተጠቀጠቀውን ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ጥጥ ሲሞቅ ይፍታታል። ከዚያ በእጃችሁ እያሳሳችሁ አፍታቱትና በቀጭን እንጨት ላይ እንደገና ጠቅልሉት። ብዙ ከሆነና ቤት ውስጥ የጥጥ መንደፊያ ደጋን ካለ ደግሞ እንደገና ይነደፍ፤ በጣት ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ደጋን በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። ከእኔ 24 ውስጥ 9ኙ እንደገና ተነድፈዋል።

እንዝርቱን እዩት። ጠረጴዛ ላይ አንከባልሉት፤ ዘንጉ የሚዘል ከሆነ ጠሟል ማለት ነው። የጠመመ እንዝርት ሲሾር ስለሚንቀጠቀጥ ቀጭኑን ክር ይበጥሳል። ጫፉ ላይ ያለችው ሽቦ ከዛገች በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሷት፤ ሻካራ ከሆነች ጥጡን ትይዛለች፣ ዝገቱም ነጩን ክር ያቀልመዋል። እኔ ይህን ሳላይ ጀምሬ ወደ ሁለት ክንድ የሚሆን ቡናማ ክር ቆርጬ ጥያለሁ።

የድሮውን ክር ለኩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ከቀድሞው ልቃቂት ጥቂት ክር ፍቱና እርሳስ ላይ ሳትደራርቡ፣ ሳታጠብቁ፣ ጎን ለጎን ጠምጥሙ። አንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዙር እንደገባ ቁጠሩ። የእኔ የድሮ ክር 26 ዙር ነበር። ከአንድ ዓመት ከምናምን በኋላ የፈተልኩት የመጀመሪያ ክር ደግሞ 19። ወፍሯል ማለት ነው፤ ጣቴ ረስቶ ጥጡን አብዝቶ ይለቃል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አመልማሎዎች ለልምምድ መስዋዕት አድርጉ፤ ክራቸው ለመርፌ ሥራ፣ ለትራስ ማሰሪያ ይሆናል። ከድሮው ክር አንድ ክንድ ያህል ቆርጣችሁ ጥቁር ካርቶን ላይ ጠምጥሙና ስትፈትሉ ከፊታችሁ አኑሩት። ነጭ ጥጥ በነጭ ቀሚስ ላይ አይታይም፤ ጭናችሁ ላይ ጥቁር ጨርቅ አንጥፉ።

የዞረበትን አቅጣጫ አረጋግጡ። የድሮውን ክር በሁለት እጃችሁ ወጥራችሁ ያዙና በቀኝ ጣቶቻችሁ እንዝርት ጭናችሁ ላይ ስታሾሩ በምታዞሩበት አቅጣጫ አክርሩት። ከጠበቀ ያው ነው። ከላላና ጭረቱ ከተበተነ ከዚህ በፊት በተቃራኒው ስትፈትሉ ነበር ማለት ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች በአንድ እንዝርት ከፈተሉ፣ አንዷ ግራኝ ከሆነች፣ ይህ በቀላሉ ይፈጠራል። ተቃራኒ የዞሩ ሁለት ክሮች በተቀጠሉበት ቦታ አንዱ ሌላውን ይፈታዋልና ሸማኔው እጅ ላይ ይበጠሳሉ።

ቀጥሉት። ቋጠሮ አትሥሩ። የድሮውን ክር ጫፍ ወደ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል መልሳችሁ አላሉት፤ ጭረቱ ተበትኖ እንደ አመልማሎ እስኪሆን። አዲሱን ጥጥ ደርቡበት፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙት፣ እንዝርቱን ጭናችሁ ላይ አንድ ጊዜ በቀስታ አሾሩት። ሽክርክሪቱ መጋጠሚያውን ሲሻገር ይታያችኋል፤ ላላ ያለው ነጭ ነገር ድንገት ክር ይሆናል። ያን ጊዜ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከተንሸራተተ ሽክርክሪት አንሶታል። ካላላችሁት በኋላ በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ከተቋጠረ በዝቶበታል። ለማግ የሚሆን ክር ለስለስ ማለት አለበት፣ ጋቢውን የሚያሞቀውም እሱ ነው፤ ለድር የሚሆነው ግን ጠንከር ይበል፣ ሸማኔው ወጥሮት ውሎ ያድራልና። ዛሬ ብዙ ቦታ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ የእኔም ጋቢ እንደዚያው።

የቀረውን በሰዓት አስሉት። አንድ አመልማሎ ለመፍተል የሚፈጅባችሁን በስልካችሁ ለኩ። እኔን 35 ደቂቃ ፈጀብኝ። 24 ጊዜ 35 ማለት 840 ደቂቃ፣ 14 ሰዓት መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር ሳውቅ ትከሻዬ ቀለለ፤ ተራራ የመሰለኝ ሥራ በቀን ግማሽ ሰዓት ቢሠራ የ28 ቀን ሥራ ነው። እማዬ ግን ቁጥሬን ሰምታ ሳቀች። በእሷ እጅ በሁለት ሳምንት ያልቅ ነበር፣ ያውም ቡና እያፈላች።

የድሮውንና የአዲሱን ክር ቀላቅሉ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሸማኔ የመጀመሪያውን ልቃቂት ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ ሰጥቼ ነበር። ነጠላው ተሠርቶ ሲመጣ መሃሉ ላይ እንደ ታጠፈ ወረቀት ምልክት ያለ መስመር ነበረው፦ ከዚያ በላይ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከዚያ በታች ሳሳ ያለ። ጥፋቱ የሸማኔው አልነበረም። አሁን ማጉን ሲያደውር አንዱን ቀሰም (ማጉ የሚጠቀለልበትን ቀጭን ዘንግ) ከድሮው፣ ሌላውን ከአዲሱ እያፈራረቀ እንዲሞላ እነግረዋለሁ። ያኔ ልዩነቱ በጨርቁ ሁሉ ላይ ይሰራጫል፣ ዐይን አይይዘውም። ጋቢ አራት ፍርጅ ስለሆነ ይቅር ይላል፤ ነጠላ ግን ሁሉን ያሳያል።

የሱፍ ፈትል ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በመንዝ በኩል ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እና በርኖስ የሚሠራበት የበግ ሱፍ ከተፈተለ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዘፋል እንጂ አይታሽም። ከታሸ ይጣበቅና ክርነቱ ቀርቶ ጨርቅ ይሆናል። ጥጥ በተቃራኒው መፍላት አይፈራም፤ በእጅ የፈተላችሁትን ጥጥ ሁለቱን ገምዳችሁ ለዳንቴል ልታውሉት ካሰባችሁ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አፍሉት። ሽክርክሪቱ ይረጋል፣ ሲሠራ አይጠማዘዝባችሁም።

ሹራቡ

ዐይን የምለው መርፌው ላይ የተንጠለጠለውን እያንዳንዱን ቀለበት ነው። ሹራቡን ስታነሱ የመጀመሪያው ሥራ መሥራት አይደለም፤ ማዳን ነው። ደብዘዝ ባለ የስፌት መርፌ ውስጥ ሌላ ቀለም ያለው ለስላሳ የጥጥ ክር አስገቡና በሁሉም ዐይኖች ውስጥ አሳልፉት። አሁን መርፌው ቢያመልጥ፣ ልጅ ቢጎትተው፣ ብትሳሳቱና መተርተር ቢያስፈልግ ከዚያ ክር በታች አይወርድም። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። እኔ ሳላደርገው ጀምሬ 11 ዐይን አምልጦኝ በባትሪ ብርሃን ስለቅም አምሽቻለሁ።

ቀጥሎ ያቆማችሁበትን ፈልጉ። ረድፍ መሃል ላይ አቁማችሁ ከሆነ ከልቃቂቱ የሚመጣው ክር ይነግራችኋል፦ ክሩ የተንጠለጠለበት መርፌ የተሠራውን የያዘው ነው፣ እሱ ቀኝ እጃችሁ ላይ ይሁን። በቀኝ እጃቸው የሚሠሩ ብዙዎች ይህን ገልብጠው ይይዙትና ወደ መጡበት ይመለሳሉ፤ እዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ረድፉን ለመቁጠር በፊት በኩል እዩት፤ ከታች ወደ ላይ እንደ ስንዴ ዛላ የሚወጣ መስመር አለ። በአንዱ ዛላ ላይ ጥንድ ጥንዱን ፍሬ ቁጠሩ፤ አንዱ ጥንድ አንድ ረድፍ ነው። በየአሥሩ ረድፍ የመርፌ ቁልፍ ሰኩበት። እንዲያ ከሆነ ስልክ ቢጠራም ከመጀመሪያው አትቆጥሩም።

አሁን እጃችሁን ለኩ። በዚያው ክርና በዚያው መርፌ ከአሥር ሴንቲ ሜትር ትንሽ ሰፋ ያለ ናሙና ሥሩና መሃሉ ላይ በአሥር ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዐይን እንዳለ ቁጠሩ። የድሮው ጀርባ 22 ነበር፤ የአሁኑ እጄ 20 ሆነ። ሁለት ዐይን ምን ታመጣለች አትበሉ። 66 ዐይን ያለው የፊት ክፍል በ22 ሲሠራ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ20 ሲሠራ 33። ጀርባው 30፣ ፊቱ 33 የሆነ ሹራብ ልጁ ላይ ተጠምዝዞ ይውላል። እኔ ከ4 ሚሊ ሜትር መርፌ ወደ 3.5 ወረድኩና 22 አገኘሁ። እንግዲህ ጨርቁ የለካችሁትን እንጂ መመሪያው ላይ የተጻፈውን የመርፌ ቁጥር አይከተልም።

ክሩ ይበቃል ወይ? ሚዛን ይፈርዳል። የኩሽና ሚዛን ካላችሁ ያለቀውን ክፍል መዝኑ። የእኔ ጀርባ 80 ግራም ነበር። ፊቱ እኩል ስለሆነ እሱም 80 ይፈልጋል፤ ግማሹ ስላለቀ 40 ይቀረዋል። ልቃቂቱ ደግሞ 46 ግራም። ፊቱን ይጨርሳል፣ ለእጅጌ አይበቃም። መርካቶ ወርጄ ያንኑ አረንጓዴ ብጠይቅም ወረቀቱ ላይ ያለው የቀለም ዙር ቁጥር፣ ማለትም አንድ ላይ የተነከረው ክር የሚታወቅበት ቁጥር፣ የተለየ ነበር። በሱቁ አምፖል ሥር አንድ ይመስላል፤ ውጭ ሲወጣ አንዱ የጎመን፣ ሌላው የቃሪያ አረንጓዴ ነው። እንደዚህ ሲያጋጥማችሁ ሁለት መንገድ አለ፦ ወይ ሁለት ረድፍ ከአንዱ፣ ሁለት ረድፍ ከሌላው እያፈራረቃችሁ መቀላቀል፣ ልክ እንደ ሸማኔው ቀሰም፤ ወይ ደግሞ ጭራሽ የማይመስል ቀለም መግዛት። መሃል ያለው፣ ማለትም "በጣም የሚቀራረብ" ቀለም፣ ስህተት መስሎ ይታያል። እኔ ቢጫ ገዛሁ።

ቢጫው ሌላ ችግርም ፈታልኝ። ልጁን ስለካው ደረቱ 59 ሴንቲ ሜትር ሆኗል፤ ሹራቡ ዙሪያው 60 ነው። እንዲህ ከሆነ ሲለብሰው ክንዱን ማንሳት አይችልም። አፍርሶ መጀመር ይቻል ነበር፤ ግን ጀርባው ያማረ ነው። ስለዚህ ከብብት እስከ ታች በሁለቱ ጎን የሚገባ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቢጫ ቁራጭ ሠራሁ። በ22 ሂሳብ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሰባት ዐይን ነው፤ ስፌቱ በሁለቱም ጠርዝ አንዳንድ ዐይን ስለሚበላ ዘጠኝ አድርጌ ጀመርኩ። ዙሪያው 66 ሆነ። ቁመቱን ደግሞ ከታች ጠርዙ ላይ ዐይን አንስቼ ወደ ታች አምስት ሴንቲ ሜትር በቢጫ አስረዘምኩት። እጅጌውም ቢጫ። ልጁ ሲያየው የመጀመሪያ ጥያቄው "የማን ቡድን ማልያ ነው?" የሚል ነበር።

ተርትራችሁ የምትመልሱት ክር ካለ እንደተጨማደደ አትሥሩበት። በወንበር መደገፊያ ላይ በሰፊው ጠምጥሙት፣ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለብ ባለ ውሃ ሃያ ደቂቃ ዝፈዝፉትና ከታች ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥላችሁበት ይድረቅ። ቀጥ ይላል።

ወራት መርፌ ላይ ታጥፎ የከረመ ሹራብ የእጥፋት መስመር ይኖረዋል። አትተኩሱት። ሲያልቅ ሲታጠብ ይለቃል።

መጽሐፉ

ከመጀመሪያው መጀመር ያምረናል። አታድርጉት፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲጀመር የሚሰለቸው ያው የታወቀው ክፍል ነው፣ እዚያው ደግሞ ትቆማላችሁ። ከዕልባቱ ወደ ኋላ ሃያ ገጽ ብቻ ተመለሱ። ስታነቡ በትንሽ ወረቀት ላይ ስሞቹን ጻፉ፦ ማን የማን ልጅ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ገንዘቡ የት ደረሰ። ስድስት ሰባት መስመር ይበቃል። ወረቀቷ ዕልባት ትሁናችሁ። ከሃያ ገጽ በኋላም ካልገባችሁ ሌላ አሥር ወደ ኋላ። እኔ ከዚህ በላይ አስፈልጎኝ አያውቅም።

ሂሳቡ እዚህም ይሠራል። ከሁለቱ መጻሕፍት አንደኛው 260 ገጽ ይቀረው ነበር፤ ከመተኛቴ በፊት በቀን 12 ገጽ አነባለሁ፤ 22 ቀን። ሁለተኛውን ከዚያ በኋላ። ሁለቱን በአንድ ላይ ሞክሬ የአንዱን ገጸ ባሕርይ በሌላው ውስጥ ስፈልግ ራሴን ስላገኘሁት ትቼዋለሁ።

ጆሮን አትርሱ። የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማ ትውልድ መጽሐፉን ያወቀው ዐይኑ ሌላ ላይ ሆኖ ነው። እናቴ ከነዚያ አንዷ ናት፤ ጉዱ ካሳ ሲናገር እንዝርቷን አቁማ ታዳምጥ እንደነበር ትናገራለች። ትረካው ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። መጽሐፉን ከዓመታት በፊት ግማሽ ላይ ትታችሁት ከሆነ ደርሳችሁበት የነበረውን ክፍል አድምጡና የቀረውን ከገጹ አንብቡ። እንዲህ ከሆነ ውሉ ቶሎ ይገኛል።

ምን ከምን ጋር ይሄዳል

ሦስቱም ሥራ የሚሻሙት ጊዜያችሁን ይመስላል። በደንብ ካያችሁት አንዱ ዐይን፣ አንዱ ጣት፣ አንዱ ጆሮ ነው የሚፈልገው።

ፈትል ጣት ይፈልጋል፣ ዐይን የሚፈልገው በቅጥያ ጊዜ ብቻ ነው። ጆሮ ነፃ ነው። ስለዚህ ትረካና ወሬ የፈትል ናቸው። መብራት ሲጠፋም ይፈተላል፤ እማዬ በጨለማ የፈተለችው ከእኔ የቀን ፈትል ይሻላል። ሹራብ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ረድፍ እንደ ፈትል ነው፣ እያወሩ ይሠራል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይም ይሠራል (የመርፌውን ጫፍ በቡሽ ድፈኑት)። ዐይን የሚቀነስበት፣ አንገትና ብብት የሚቀረጽበት ግን ዝምታና የቀን ብርሃን ይፈልጋል። የብብቱን ቅርጽ የጨረስኩት ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ ነው፤ ቢጫውን የጎን ቁራጭ ግን ሙሉውን ቡና ሲፈላ። ጥቁር ክር በማታ አትሥሩ፣ ዐይናችሁን ነው የምታደክሙት።

ለቡና ሰዓት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፈንዲሻውንና ቅቤውን በነካ እጅ አመልማሎ አይነካም። ቅባት የነካው ጥጥ አይሳብም፣ ክሩም ከታጠበ በኋላ እንኳ ቢጫ ነጥብ ይቀርበታል።

ቤታችን በበዓልና በእሑድ እንዝርት አይነሳም። ልጅ ሆኜ ይህ ይከብደኝ ነበር፤ አሁን ግን ተጠቀምኩበት። በነዚያ ቀናት ዋናው ሥራ መጽሐፍ ነው። የመስቀልን ሁለት ቀናት ስቆጥር ብቻ 90 ገጽ አንብቤያለሁ። የ28 ቀኑ ፈትልም በዓላቱ ሲቀነሱ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሄደ።

እንደገና ስታቆሙ

ማቆማችሁ አይቀርም። እንግዳ ይመጣል፣ ሰው ይታመማል፣ የሥራ ቦታ ሪፖርት ይደርሳል። ስለዚህ ሥራው ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ውሉን ለማሰር አውሉ። የልቃቂቱን ጫፍ በቀይ ክር አስራችሁ ወደ ውጭ አንጠልጥሉት። እንዝርት ላይ የተጠመጠመ ክር አታሳድሩ፤ ወደ ልቃቂት አዙሩት፣ እንዝርቱ ባዶውን ይቀመጥ። ሹራቡን ረድፍ ጨርሳችሁ አቁሙ፤ ከአንድ ሳምንት በላይ የሚቀመጥ ከሆነ መርፌውን አውጡና ዐይኖቹን በማዳኛው ክር ላይ ተዉአቸው። ከዚያ ትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በመርፌ ቁልፍ ስፉበት። አሁን ቅርጫቴ ውስጥ ያሉት ወረቀቶች እንዲህ ይላሉ፦

"የጋቢ ማግ። ኅዳር 3። 24ቱም አልቋል። 26 ዙር በሴንቲ ሜትር። ለሸማኔው፦ የድሮና የአዲስ ቀሰም ይፈራረቅ።"

"ሹራብ። ኅዳር 9። ቀኝ እጅጌ፣ ቢጫ፣ 3.5 መርፌ፣ 38 ረድፍ ተሠርቷል፣ 24 ይቀራል። በየ6 ረድፉ በሁለቱም ጎን አንድ ዐይን ጨምሪ። ልጁን ከመጨረስሽ በፊት እንደገና ለኪው።"